ያጨበጨብንለት የእግረኛ መንገድ

አንዳንዱን አዛብቼ ይሆናል፤ ዕድሜም አለ። እዚህ አሜሪካ የምንኖርበት ከተማ ሹም ሰፈራችንን ሰብስቦ፣ ልጄ እያስተረጎመች፣ «ሰፈራችሁን ልዩ የታክስ ክልል እናደርገዋለን» አለን። «የቤታችሁ ዋጋ ሲጨምር ታክሱም ይጨምራል። ዛሬ የምትከፍሉት ያህሉ ለከተማው የወትሮ ሥራ ይሄዳል፤ በጭማሪው የእግረኛ መንገድ እንሠራላችኋለን።» ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ እጃቸውን አወጡ። «ጭማሪውን መክፈል ቢያቅተኝስ?» «ቤትዎን በጥሩ ዋጋ ይሸጣሉ።» «ታዲያ በመንገዱ ማን ይሄዳል?» «አዲስ የሚገቡት።» ሳቅን። ሹሙ አመስግኖ ሲጨርስ ግን፣ ከአገር ቤት የቀበሌ ስብሰባ እንደለመድነው፣ ሁላችንም አጨበጨብን። እኔማ ስፈራ እጄ ይበረታል።

ቃለ ጉባኤው ሲመጣ «ነዋሪዎች በጭብጨባ ደገፉ» ይላል። ሐጂ ወረቀቱን ይዘው ደጄ መጡ። «አቶ በቀለ፣ እርስዎን ለማጨብጨብ ምን አስቸኮለዎት?» «ለጨዋነት ነው፣ ሐጂ።» «ጨዋነትዎ ቤቴን ሊያሸጠኝ ነው!» እሳቸውም አጨብጭበው ነበር፤ ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

እንደፈሩትም ታክሱ ከጡረታቸው በላይ ሆነ፤ ቤታቸውን ሸጠው ሊልበርን የምትባል ሌላ ከተማ ገቡ። አንድ ቀን ደወሉልኝ። «መንገዱ እንዴት ሆነ?» «ዛሬ ጠዋት ከደጅዎ ደረሰ» አልኳቸው። ስልኩ ተዘጋ። ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።