የገለቴ ጡብ እና የጋሽ አሥራት ጭስ

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ የወጨጫ ተራራ ተነሥቶ ሰበታ ገበያ መካከል ይቀመጥ። አንዲት ቃል አልተጨመረበትም፤ እንዲያውም ሰው አያምንም ተብሎ ብዙ ተቀንሶለታል።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ሰሞን፣ የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ጋሽ አሥራት ሰበታ ባለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካቸው ግቢ ቆመው የናፍጣ ቦቴ ይጠብቁ ነበር። ጭስ ማውጫው ደመና ይወጋል። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ቦይለር ሲያገሳ ቡራዩ ያሉ ላሞች ይደነብራሉ፣ ሱሉልታ ያሉት ወተት ይከለክላሉ። ቦቴው ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ስለዚህ ጋሽ አሥራት ከአጥሩ ጀርባ የሰፈሩን ምንጭ የከበቡትን ዝግባዎች በማግስቱ አስቆርጠው ቦይለሩን በእንጨት ሊያነዱ ወሰኑ። ፋብሪካው ሲተከል መሬታቸው ለተወሰደባቸው ለኦቦ ገርባ የቀራቸው እነዚያ ዛፎች ብቻ ነበሩ።

የኦቦ ገርባ ልጅ ገለቴ፣ ምህንድስና ተምራ የተመለሰችው፣ መንገድ ስለተዘጋ በእግሯ ስታልፍ ከጋሽ አሥራት ጋር በበሩ ብረት መካከል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። «ክፈትላት» አሉ። ዘበኛው ዘርሁን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ለሚኒስትር እንኳ እንደዚያ ተከፍቶ አያውቅም።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሽ አሥራት?»

«ፈያ ነኝ ልጄ። ድንጋይ ልትወረውሪ ከሆነ መስኮቱ በዚያ በኩል ነው።»

«ድንጋይ አልያዝኩም። ዛፎቹን ሊያስቆርጡ ነው ሲባል ሰምቼ ነው።»

«ታዲያ ሠራተኛው ምን ይብላ? ያለ እንፋሎት ቀለም አይዝም። በጥላ ውሃ ይፈላል?»

«መሬቱን ወሰዳችሁ፣ አባቴ ዝም አለ። በምትኩ የሰጣችሁን ጭስ ነው፤ ያጠብነውን ልብስ እንኳ ውጭ ማስጣት አልቻልንም። አሁን ደግሞ ምንጩን ልታደርቁብን? ልማት የምትሉት ይሄን ነው?»

ቁጣዋ ተገቢ ነበር። ትርፉ ለአንዱ፣ ጥቀርሻው ለሌላው ሲከፋፈል ዝም የሚል ጎረቤት ጨዋ አይደለም፤ የታፈነ ነው።

«በመብራት ሥሩ እንዳትይኝ ብቻ» አሉ ጋሽ አሥራት። «ቀን ቀን ሲመጣ ሲጠፋ ነው የሚውለው።»

«ሌሊትስ? ሁሉም ሲተኛ የሚጠቀምበት ጥቂት ነው። በሌሊቱ መብራት ጡብ ያግሉ። እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ያለ ሽቦ በጡብ ክምር ውስጥ ይዘረጋል፤ ጡቡ ፍም እስኪመስል ይግላል። ዙሪያው ሙቀት በማያሾልክ ነገር ይሸፈናል። ቀን አየር ይነፋበትና ትኩሱ አየር ውሃውን እንፋሎት ያደርገዋል። መብራት ቢጠፋ ለማራገቢያው ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል።»

«ሙቀት እንደ ጤፍ ጎተራ ይገባል ልትይኝ ነው? ዩኒቨርሲቲ ይሄን ነው የሚያስተምሩት?»

«ተጂ ከተማ ዳቦ ቤት አልነበረዎትም?»

«ነበረኝ። ታዲያስ?»

«የዳቦ መጋገሪያ ፉርኖውን መቼ ነበር የሚያነዱት?»

«ማታ ነዋ። በደንብ ይነድና እሳቱን ጠርገን አውጥተን...»

«እሳቱ ከወጣ ዳቦውን ምን አበሰለው?»

ጋሽ አሥራት ጭስ ማውጫቸውን ቀና ብለው አዩ። «ጡቡ» አሉ። «ሲነጋም እጅ አያስነካም ነበር። እንጀራ የበላሁበትን እውቀት ተጂ ጥዬው መጥቻለሁ ማለት ነው።»

ወዲያው ለማግስቱ የተዘጋጁትን መጥረቢያዎች አስመለሱ። ጡቡ ተከመረ፣ ሽቦው ተዘረጋ። ቦቴ መጠበቅ ቀረ፤ መብራት ቢጠፋም ሥራ አልቆመም፤ ከናፍጣ የተረፈው ለሠራተኛው ደመወዝ ጭማሪ ሆነ። የተረፈው እንፋሎት ተርባይን አዙሮ ለሰፈሩ መብራት ሰጠ። ኦቦ ገርባን ጭሱ ያመጣባቸው ሳል ለቀቃቸው። ሰማዩ ከመጥራቱ የተነሣ ሰበታ ቆሞ ከሱሉልታ ማዶ ጫንጮ ገበያ የቀረበውን በግ መምረጥ ተቻለ።

ታሪኩ ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሲተረክ ተሳፋሪው አጨበጨበ። ያልተጨበጨበው ከኋላ ወንበር ብቻ ነው። እዚያ የተቀመጠው ዘበኛው ዘርሁን ነበር።

«በሩን አልከፈትኩላትም» አለ በቀስታ። «ጋሽ አሥራት ‹እንዳትገባ› ብለውኝ ነበር። ስለ ጡቡ የነገረችው ለእኔ ነው፣ በብረቱ መካከል። እሳቸው ብቅም አላሉ። ዛፎቹ በማግስቱ ተቆረጡ።»

ሚኒባሱ ሰበታ ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ የፋብሪካው ጭስ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋ።