እጅ ከአፍ ላይ

አሰንዳቦ ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር የገጠመኝን ልንገራችሁ፤ ወላሂ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰሚራ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ለማንበብ በተነሳች ቁጥር አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች፤ "ፒ" የምትለዋ ድምፅ "ቢ" እየሆነችባት ልጆቹ ይስቁባት ነበር። እኔ ደግሞ ይህችን ድምፅ የማስተምረው በብጣሽ ወረቀት ነው። ወረቀቷን ከንፈራችሁ ፊት ትይዛላችሁ፤ "ፒ" በደንብ ከወጣች ወረቀቷ ትርገበገባለች። ታዲያ አፍ ተሸፍኖ እንዴት ይሆናል? "አይዞሽ፣ እዚህ ክፍል ማንም አይስቅብሽም" እያልኩ ከስንት ወር ልመና በኋላ ሻሿን ከአፏ ላይ አወረደች።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘር መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰሚራ ማንም ሳይጠራት እጇን አወጣች። ተነስታ ወረቀቷን ከአፏ ፊት ይዛ "ፔፐር" ስትል ወረቀቷ ተርገበገበች። ደስታዬን ሳልጨርስ ሰውዬው፣ "ልጄ፣ እንግሊዝኛ ነው ወይስ እሳት እፍ እያልሽ ነው?" ብለው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ክፍሉም ተከትሏቸው አውካካ። ሰሚራ ሻሿን ወደ አፏ ስባ ቁጭ አለች።

"ጋሼ፣ እጅዎን ከአፍዎ ላይ ያውርዱ" አልኳቸው። "እዚህ ክፍል አፍ መሸፈን ክልክል ነው።"

እሳቸው እጃቸውን ወዲያው አወረዱ። ሰሚራ ግን ዓመቱ እስኪያልቅ ሻሿን አላወረደችም።