የትንፋሽ «አዎ»

ይሄን ስሙልኝማ። እናቴ ሃዋይ ሥራ አግኝታ ከሲያትል ልንዛወር ነው። እዚያ ያሉት የአክስቴ ልጆች ሁሉ ባሕር ውስጥ ይጠልቃሉ፤ እኔ ብቻዬን ዳር ቆሜ እንዳልቀር ፈርቼ ሲያትል አጠገብ ቱክዊላ ባለ የመዋኛ ገንዳ ጠለቃ መማር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን የአየር ታንኩን ጀርባዬ ላይ አስረው ውኃው ደረቴ ድረስ በሚደርስበት አቆሙኝ። መተንፈሻውን ሞክሬ ከአፌ ሳወጣ አሠልጣኙ ማርክ «አየሩ በደንብ ይመጣልሻል?» አለኝ። እኔ አዲስ ሰው ሲያናግረኝ ድምፄ አይወጣም። ቤት እንደለመድኩት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «አዎ» አልኩት።

ማርክ ክው አለ። በብብቴ ይዞ ወደ ዳር ጎተተኝ። «ደህና ነሽ? መተንፈስ ትችያለሽ?» ሲለኝ አሁንም ሳብ! «ለዛሬ ይብቃሽ» ብሎ ታንኩን መፍታት ሲጀምር እንባዬ መጣ። ይሄኔ እናቴ ገንዳው ዳር ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «ኖ፣ ኖ! ሺ ሴይ የስ! እኛ የስ ስንል እንዲህ ነው!» አለችና እሷም ሳብ አደረገች። ማርክ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና በሳቅ ፍርስ አለ። «እሺ፣ ውኃ ውስጥ ግን አዎ የምትይው በጣትሽ ብቻ» ብሎ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጥሞ ክብ ሠራ። አብረን ጠለቅን። እሱ ክብ ሲሠራ እኔም ክብ እሠራለሁ። እዚያ ታች ማንም «ጮክ በይ፣ አልሰማሁሽም» አይልም፤ እንዴት ደስ እንደሚል! ስንወጣ ማርክ «ነገም ትመጫለሽ?» አለኝ። ሳብ አደረግኩ። አልደነገጠም።