ተፈላጊውን ጓሯቸው ያስቀመጡት ሽማግሌ

የብርጓል አጎቷን አቶ ቢተውን ገበያ ላይ ድንገት ያገኘቻቸው ሲጋራ ሲገዙ ነው። ሲጋራ! እኒህ ሰው እኮ የሚያጨስ ሰው አጠገባቸው ከቆመ አማትበው የሚሸሹ ናቸው። እሷ ደብረ ማርቆስ ጠበቃ ናት፤ እዚህ ወረዳ ፍርድ ቤት ለአንድ ባለጉዳይ ልትቆም መጥታ ቀጠሮው ተላለፈና ወደ ገበያው ወጣ አለች።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ? ይሄ ደግሞ ለማን ነው?»

«ለ... ለእንግዳ ነው» አሉና ኪሳቸው ከተቱት።

አቶ ቢተው መዋሸት አይችሉበትም፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። እንግዳው ሲጋራ ከአፉ የማይለየው የክርስትና ልጃቸው እንዳላማው መሆኑን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም ነበር። እንዳላማው በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ጎረቤቱን ፈንታን በዱላ ክንዱን ከሰበረው ሳምንቱ ነው፤ ፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ አውጥቶበት ፖሊስ ሲፈልገው መሰንበቱን እሷም ሰምታለች። የብርጓልን ደሟን ያፈላው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ የተመረጡት ሽማግሌ እኒሁ አጎቷ ናቸው!

«ኧረ በሥላሴ! የሚያስታርቁትን ሰው ጓሮዎ ደብቀው ነው የሚያስታርቁት?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! ደግሞ ደበቅሁት አይባልም፤ አስቀመጥሁት እንጂ። እርቁ እስኪያልቅ ነው። ሽማግሌ የያዘውን ነገር ፖሊስ አይገባበትም።»

«ማነው እንዲህ ያለዎት?»

«ማን ይለኛል? ወጉ ነዋ!»

የብርጓል እንደምንም ራሷን አረጋግታ ወደ ቤታቸው የሚወስደውን ዳገት አብራቸው ጀመረች።

«ይስሙኝ አጎቴ። እርቁ ይሁን፣ እሰየው ነው። የመያዣውን ትእዛዝ የሚያነሳው ግን ያወጣው ፍርድ ቤት ነው፤ ሽማግሌ ስለተቀመጠ አይቀርም። ሰውዬው እንደሚፈለግ እያወቁ መሸሸግ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ያሳስራል።»

«እኔ ምን በወጣኝ! ዱላ አላነሳሁ።»

«ማወቅዎና መሸሸግዎ ይበቃል። ምንም ሳያውቁ ያሳደሩት መንገደኛ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። እርስዎ ግን ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ የሰሙ ሽማግሌ ነዎት። አላወቅሁም ቢሉ ማን ያምንዎታል?»

«ክርስትና ያነሳሁትን ልጅ አሳልፌ ልስጥ ነው የምትይኝ?»

«ዳኛ ቅርበታችሁን አይቶ ሊያዝንልዎት ይችላል። ያዝንልኛል ብለው ግን ይታሰራሉ? ለመሆኑ ፖሊስ መጥቶ ጠይቆዎታል?»

«ማክሰኞ መጥተው ነበር። ‹ዓይኔም አላየው› ብዬ ሸኘኋቸው።»

የብርጓል መንገዱ መሀል ቆማ ራሷን ያዘች። እንግዲህ ይህን ሰው ምን ያደርጉታል? ክፉ ቢሆኑ ተጣልታቸው ትገላገል ነበር። እሳቸው ደግሞ ደግ ናቸው፣ ያውም ግትር ደግ!

«ምግቡንስ የሚያደርስለት ማነው?»

«ማሬ ናታ።»

«እንግዲያው እትዬ ማሬም ይጠየቃሉ።»

የሚስታቸው ስም ሲነሳ አቶ ቢተው እግራቸው ተገታ። «ማሬ ምን አድርጋ? እኔ ያዘዝኋትን ነው እኮ!»

«እሱን ለመርማሪው ያስረዳሉ።»

ቤት ደረሱ። ማሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅሙ ነበር። የብርጓልን ገና ሲያዩ እንባቸው መጣ።

«ሳምንቱን ሙሉ ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቤ ሊወጣ ነው፣ ልጄ። ብነግራቸው አይሰሙኝ! እኔ በስተርጅና ጣቢያ ልቆም ነው?»

«አንቺማ አትቆሚም» አሉ አቶ ቢተው፤ ድምፃቸው ግን እንደ መንገዱ አልነበረም።

በዚህ መሀል ከጓሮው የጭድ ቤት እንዳላማው ፀጉሩ ላይ ጭድ እንደያዘ ወጣ። ሁሉንም ሰምቷል።

«አባባ፣ እኔ እኮ በማግስቱ እጄን ልስጥ ብዬ ነበር። እርቁ ሳያልቅ ከዚህ እንዳትወጣ ብለው በሚካኤል ያስማሉኝ እርስዎ ነዎት!»

የብርጓል ትሳቅ ወይ ታልቅስ ጠፋት። ሰውዬው ልሂድ ሲል አስምለው ያስቀሩትና ራሳቸውን፣ ሚስታቸውን፣ እሱንም ገደል አፋፍ ያቆሙ አስታራቂ!

«አጎቴ፣ በገዛ እግሩ ሲሄድና ከተደበቀበት ሲያዝ አንድ አይደለም። እጁን መስጠቱ ቅጣቱን ያቀልለታል። ዋስትና ሲጠይቅም ‹ይጠፋል› የሚለው ሰው ይቀንሳል። እርቁም ቢሆን ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይጠቅመዋል። እርስዎም ማክሰኞ ያሉትን ውሸት ራስዎ ያርሙ፤ እኔ ከጎንዎ እቆማለሁ።»

አቶ ቢተው ማሬን ትክ ብለው አዩና ጋቢያቸውን አነሱ። «ከመሐላው ፈትቼሃለሁ። ና፣ ውጣ» አሉት።

ጣቢያው በር ላይ ፈንታ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ቃሉን ሊሰጥ ተቀምጧል። አቶ ቢተው ፊቱ ቆመው፣ «እንዳላማው እኔ ቤት ነበር» አሉት።

ፈንታ ቀና ብሎ፣ «እርቁን ብዬ እርስዎ ደጅ የተቀመጥሁ ለትም?» አለ።

«የዚያ ለትም።»

«እንግዲያው እኔ ሌላ ሽማግሌ እፈልጋለሁ» አለና ፊቱን አዞረ። አቶ ቢተው እንዳላማውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ።

እንዳላማው ፍርድ ቤት ቀርቦ በዋስ ወጣ፤ እርቁም በሌላ ሽማግሌ እጅ አለቀ። አቶ ቢተው ቃላቸውን ሰጥተው በማስጠንቀቂያ ተለቀቁ፤ ማሬም ሳይጠሩ ቀሩ። ይህን ሁሉ ያዩት ሽማግሌ በክረምቱ አንድ ዘመዳቸው ተደባድቦ መጥቶ «ለጥቂት ቀን ደብቁኝ» ቢላቸው፣ «ቁጭ በል፣ እህል ቅመስ» አሉት። እሱ ሲጎርስ እሳቸው ጫማቸውን አደረጉ።

«ወዴት ነው?» ቢላቸው፣

«ጣቢያ ነዋ» አሉት፤ «ብቻህንማ አልሰድህም።»