የዘንዶው መጨረሻ መሳቢያዬ ውስጥ ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ የማተሚያ ቤታችን ባልደረቦች፤ ከሥራ ሰዓታችሁ ቆርሳችሁ፣ መጽሐፍ የምጠርዝበትን ጠረጴዛ ጠርጋችሁ፣ የጡረታ መሸኛ ኬክ ስላቀረባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሙጫው ያለበትን ጥግ ብቻ እንዳትደገፉት።

ሥራ አስኪያጃችን «ሰሞኑን ስለምታነቢው ትንሽ አጫውቺን» ብለውኛል። እሺ። ሁለት ልቦለዶች ይዣለሁ። አንደኛው ዘንዶዎች ስለሚገዙት አገር ነው። ዘንዶዎቹ እሳት ከመትፋት ይልቅ ግብር ሲሰበስቡ ይውላሉ፤ መሃሉ ላይ አንቀላፍቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ዓይኑ የጠፋ አንድ ሽማግሌ ዘንዶ የልጁን የክንፍ ድምፅ እየተከተለ የሚበርበት ምዕራፍ አለ። እዚያ ላይ አለቀስኩ። ሁለተኛው የጠፈር ነው። መንኮራኩር ውስጥ ተወልደው እዚያው የሚያረጁ ሰዎች፣ እንደርስበታለን የሚባለው ዓለም መኖሩን ይጠራጠራሉ። የሠራተኛ አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሁሉ እመክረዋለሁ።

መጨረሻቸውን አልናገርም። እዚህ እንዴት እንደምናነብ ታውቃላችሁ፤ ሲታተም የተበላሸ መጽሐፍ ሳይሰፋ ክፍል በክፍል እንቀባበላለን። የመጨረሻው ክፍል ግን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፈረቃ አለቃችን ነው። ሌላውን ገጽ አይነኩም። መጨረሻውን ብቻ አንብበው፣ ገና ሳንደርስበት ለሁላችንም በወሬ ያድላሉ። በሌሉበት «ጋሽ መደምደሚያ» እንላቸዋለን። ዛሬ በፊታቸው አልኩት፤ ጡረታ ደስ ይላል።

እናቴ አልጋ ላይ ሳለች ከሥራ ስመለስ አነብላት ነበር፤ በረዶ በዋጠው ዓለም ላይ ወንድሙን ስለሚፈልግ ልጅ። «ያገኘው ይሆን?» ትለኛለች። «ነገ» እላታለሁ። ነገን የምትጠብቀው ለዚያ ነበር። አለቃችን ሊጠይቋት መጡ። መጽሐፉን ራስጌዋ አዩና «ውይ እማማ፣ ይሄንንማ አውቀዋለሁ። ወንድምየው ገና ድሮ ሞቷል እኮ» አሏት።

እሳቸው እንደወጡ «በቃ፣ ዝጊው ልጄ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንብቢልኝ ብላኝ አታውቅም። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ይቅርታ መስሎዎት ነበር? አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም።

አለቃዬ፣ ከእናቴ ቀብር ወዲህ የደረሰዎት የመጨረሻ ክፍል ሁሉ የሌላ መጽሐፍ ነው። በገዛ እጄ ቀያይሬዋለሁ። መጀመሪያውን ስለማያነቡ በምን ያውቃሉ? ባልደረቦቼ ሲጨርሱ እውነተኛውን ከመሳቢያዬ አወጣላቸዋለሁ። «መጨረሻውን ልንገራችሁ» ባሉ ቁጥር ሰው ለምን እንደሚስቅ አሁን ሳይገባዎት አልቀረም። ባለፈው ሳምንት ለሒሳብ ሠራተኛችን «ሮቦቱ ዳኛ ይሆናል» አሏት። ምስኪን፣ የያዘችው የዘንዶዎቹን ነው። «እስካሁን ሮቦት የሚባል አልገጠመኝም፤ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የመሳቢያውን ቁልፍ ለእሷ ትቼላታለሁ።

እናቴ የሰማችውን መጨረሻ ግን መቀየር አልቻልኩም። እሱ ትክክለኛው ነበር።

እንግዲህ ልመርቅ። እናንተን መርፌ አይውጋችሁ፣ ዓይናችሁ አይድከም፣ የምትጓጉለት ሁሉ በራሱ ሰዓት ይድረሳችሁ። ለእርስዎም፣ አለቃዬ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ነገን የሚያስናፍቅዎ አንድ ነገር አይጥፋ። ከዚያ ልክ እንደ እርስዎ ያለ ጠያቂ ይላክልዎ።

አሜን በሉ እንጂ።