ማእከሉንና ክፍላተ ሀገርን ያስማሙት የሕግ አርቃቂ

ውድ አክስታችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከባቡር ጣቢያ ሠራተኛ አባታቸው በስድስተኛ ልጅነት ተወለዱ። ሁለት ክፍል ባላት ቤት ከታላላቆቻቸው ጋር አንድ መብራት እየተሻሙ በማደጋቸው፣ የጋራ ነገር ጭቅጭቅ እንደማያጣው ገና በጠዋቱ ዐውቀውታል።

የሕግ ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው፣ ለረጅም ዘመን በዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ፣ የአዲሱ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። ከፊሉ ተወካይ ሥልጣን ሁሉ በማእከላዊው መንግሥት፣ ማለትም በማእከሉ፣ እንዲጠቃለል፣ ከፊሉ ደግሞ ክፍላተ ሀገር ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ይሟገት ስለነበር፣ ጉባኤው እሳትና ጭድ ሆኖ ሰነበተ። በተለይም የጠረፉ ክፍለ ሀገር ተወካይ የነበሩትና ሁላችንም በፍቅር "አሻፈረኝ" የምንላቸው አዛውንት፣ ማእከሉ በአደጋ ጊዜ ሥልጣን ይጠቅልል የሚለውን ሐሳብ ሲሰሙ ተከታዮቻቸውን ይዘው አዳራሹን ጥለው ወጡ፤ ካልተመለሱ ሀገር እንደምትከፋፈል ያልተረዳ አልነበረም።

አክስታችን ግን ከማስተማሪያ ክፍላቸው ያመጡት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ይኸውም ማንም ተሟጋች የባላጋራውን ሐሳብ፣ ባላጋራው ራሱ "አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው" እስኪል ድረስ ሳያስረዳ የራሱን እንዳይናገር ማድረግ ነው። አሻፈረኝን ደጃቸው ድረስ ሄደው ለምነው አስመለሱና የማእከሉን ስጋት እንዲያስረዱ፣ የማእከሉን ጠበቃም የጠረፉን ሰው ፍርሃት እንዲያስረዳ አደረጉ። አሻፈረኝ እያጉረመረሙም ቢሆን፣ ወረርሽኝ ሲመጣ የክፍለ ሀገር ወሰን እንደማይገታው ተናገሩ፤ ጠበቃውም ሥልጣን አንዴ የጨበጠ እጅ በፈቃዱ እንደማይፈታ መሰከረላቸው። በዚህ የተነሣ፣ በደኅናው ጊዜ ክፍላተ ሀገር በየጉዳያቸው እንዲያዝዙ፣ በአደጋ ጊዜ ማእከሉ እንዲጠቀልል፣ የተወሰነው ቀን ሲያልቅ ግን ሥልጣኑ ማንም ሳይለምን ወደየባለቤቱ እንዲመለስ የሚያዝዘው አንቀጽ በሁሉም ድጋፍ ጸደቀ።

ከሰዓት ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች ያፈሩት አክስታችን፣ ቤታቸውንም በዚያው ሕግ ሊያስተዳድሩ ፈልገው እያንዳንዱ ልጅ በክፍሉ እንዲያዝዝ ቢፈቅዱ፣ በታናሺቱ አልጋ ሥር ድመት ወልዳ በመገኘቷ ማእከሉ ጣልቃ ለመግባት ተገደደ።

የኩላሊት ሕመም በጸናባቸው ጊዜ አሻፈረኝ በየሳምንቱ እየመጡ በዚያችው አንቀጽ ይሟገቷቸው ነበር፤ አክስታችንም ከመድኃኒቱ ይልቅ ክርክሩ እንደሚያበረታቸው ይነግሩን ነበር። በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ማለዳ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። አሻፈረኝም እንደ ወንድም ከቤተሰቡ ጋር እንዲቆጠሩ አክስታችን አደራ ብለውናልና፣ እነሆ ከልጆቹ ጎን ተቀምጠው፣ ምንም ሳይቃወሙ ያለቅሳሉ።

በሰላም እንድንኖር የደከሙልንን የአክስታችንን ነፍስ ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍልን፤ እርሳቸውን ስለ ሰጠንም ይመስገን።