ለሠርግ እንጂ ለዓሣ የማይከፈት በር

የወንድሜን ልጅ ልንድር ከማርቆስ ባሕር ዳር ወርደን፣ ሙሽሮቹን ፎቶ ልናስነሳ ሐይቁ ዳር ሄድን። ዳርቻው ታጥሮ በር ወጥቶለታል፤ በሩ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን ተሸክሞ ዘበኛውን ይለምናል።

«ወንድሜ፣ መረቤ ውሃ ውስጥ አድሯል፤ ዓሣው ሊበሰብስብኝ ነው!»

«መናፈሻ ሆኗል አልኩህ! ለሠርግ እንጂ ለዓሣ አይከፈትም።»

እኔ ደግሞ መች አስችሎኝ! ነጠላዬን ሰውየው ትከሻ ላይ ጣል አደረግሁና «ሚዜያችን እኮ ነው!» ብዬ እልልታዬን አቀለጥሁት። ሠርገኛው ታንኳውን ተቀባብሎ ሆ እያለ ይዞት ገባ። ዘበኛውም አብሮን አጨበጨበ! የነቃው ታንኳው መሀል ሐይቅ ከደረሰ በኋላ ነው።

«እትዬ፣ ሚዜው ወዴት ነው የሚቀዝፈው?»

«ጥሎሽ ሊያመጣ ነዋ፤ ማታ የጣለውን!»